የምራቅ ኪቱ ስለ መርሳት በሽታ የሚነግረውና የማይነግረው

እናቱ ወይም አባቱ በመርሳት በሽታ ሲደክሙ ያየ ሰው «እኔስ?» የሚለው ጥያቄ አይለቀውም። ይህ ግምገማ ያንን ጥያቄ ይዞ ባሕር ማዶ ባለ ዘመዱ በኩል የምራቅ ኪት፣ ማለትም በቤት ምራቅ ሰጥቶ ጂንን ማስመርመሪያ ዕቃ፣ ለማስመጣት ለሚያስብ የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳ፣ የደብረ ሲና ወይም የሸዋ ሮቢት ሰው የተጻፈ ነው። የምንገመግመው ትዌንቲ-ስሪ-ኤንድ-ሚ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚሸጠውን ኪት፣ ከዚያም ውስጥ በጣም ስለተለመደው የመርሳት በሽታ ዓይነት፣ ስለ አልዛይመር፣ የሚናገረውን ሪፖርት ብቻ ነው። የዘር ሐረግ ክፍሉን አልነካነውም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥተነዋል። ላቦራቶሪው እቆጥራለሁ ያለውን በትክክል ይቆጥራል። ሁለቱን ኮከብ ያጣው ቁጥሮቹ በአውሮፓውያን ልክ የተሰፉ ስለሆኑና ከውጤቱ ማግስት ያለውን ኑሮና ሥራ ሙሉ በሙሉ ለገዢው ስለሚተው ነው። እኛ ረዘም አድርገን የምንጽፈውም ስለዚያ ማግስት ነው።

ምን ይቆጥራል?

አፖ-ኢ የተባለው ጂን በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ቅባትና ኮሌስትሮል በደምና በአንጎል ውስጥ የሚያመላልስ ፕሮቲን ይሠራል። ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4 የሚባሉ ሦስት መልኮች አሉት። ኢ4ን ከኢ3 የሚለየው ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው 299 አሚኖ አሲዶች መካከል 112ኛው ላይ ያለ አንድ ለውጥ ነው። ይህ መልክ ከአልዛይመር ጋር መያያዙን የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ሁላችንም የጂኑን አንድ ቅጂ ከእናት አንድ ቅጂ ከአባት ስለምንወስድ የሪፖርቱ መልስ ከሦስት አንዱ ነው፦ ኢ4 የለም፣ አንድ አለ፣ ወይም ሁለት አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሪፖርቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ሲሆን፣ ፈቃዱ ለተጋላጭነት መረጃ እንጂ በሽታን ለመመርመር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ስሌት እንዲህ ይላል። የጂኑ ዓይነት ሳይታይ፣ እስከ 85 ዓመት በአልዛይመር የመያዝ ዕድል ለወንድ 11፣ ለሴት 14 ከመቶ ነው። አንድ ኢ4 ያለው ወንድ 23፣ ሴት ደግሞ 30 ከመቶ ይደርሳሉ። ሁለት ኢ4 ካለ ለወንድ 51፣ ለሴት 60 ከመቶ ይሆናል። ቁጥሩን ከወዲያኛው በኩልም አንብቡት፤ ሁለት ኢ4 ይዘው 85 ዓመት ድረስ በሽታው የማይነካቸው ብዙ ናቸው። ኢ4 የለህም የተባለም ሊያዝ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከባድ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተቀመሩት በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች ነው። በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ጎን ለጎን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ ኢ4 በኢባዳኖቹ ላይ ያለው ጉልበት ደካማ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ የመንዝ ሰው ስልኩ ላይ 60 የሚል ቁጥር ቢያይ፣ ቁጥሩ የተሰፋው ለእሱ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። ቆጠራው ይታመናል፤ ከቆጠራው የሚወጣው መቶኛ ግን እንዳለ ወደ እኛ አይገለበጥም።

ኪቱ ፈጽሞ የማያየው ሌላ ዓይነትም አለ። በሽታው በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ የጀመራቸው ሰዎች በተከታታይ ትውልድ ያሉበት ቤተሰብ፣ ፕሪሰኒሊን 1፣ ፕሪሰኒሊን 2 ወይም ኤፒፒ በሚባሉት ጂኖች ላይ ብርቅ ለውጥ ሊኖርበት ይችላል። የእነዚህ ድርሻ ከጠቅላላው አልዛይመር ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ነገር ግን የያዘው ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የወረሰውም ልጅ በሽታው አይቀርለትም ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከምራቅ ኪቱ «ኢ4 የለም» የሚል መልስ ቢያገኝ እፎይ ማለት የለበትም። የሚሻለው የታመመውን ሰው ራሱን ይዞ ወደ ነርቭ ሐኪም መሄድ ነው።

ግዢውና ምራቁ

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ርካሹ ኪት የዘር ሐረግን ብቻ ይናገራል፤ የአፖ-ኢ ሪፖርት የለውም። የጤና ክፍል ያለው ለረጅም ጊዜ በ199 ዶላር ሲሸጥ የኖረው ነው። ዘመድ «ቅናሽ አገኘሁ» ብሎ የመጀመሪያውን ገዝቶ መላኩ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ሣጥኑ ላይ «ጤና» የሚለው መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የመመለሻ ፖስታ የተከፈለበት ለተገዛበት አገር ፖስታ ቤት ነው፤ ስለዚህ ቱቦውን ይዞ የሚመለስ ተጓዥ ካልተገኘ ምራቅ መስጠት ከንቱ ድካም ነው።

ምራቁ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ አትብሉ፣ አትጠጡ፣ አታጭሱ፣ ማስቲካም አታኝኩ። ቆሎ በልቶ አፉን ሳይጉመጠመጥ የተፋ ሰው ናሙናው ፍርፋሪ ይይዛል፤ ከመብላቱ በኋላ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረፋውን ቆጥሮ ነው። መስመሩ ድረስ መሙላት ያለበት ፈሳሹ ሲሆን አረፋው ከመስመሩ በላይ ይቀመጣል። አፍ የሚደርቅበት ሰው ጉንጩን በጣቱ ከውጭ ቀስ አድርጎ ያሽ፤ ቸኩሎ አክታ አይጨምር። ሲሞላ ቱቦው አፍ ላይ ያለውን የማንቆርቆሪያ ክዳን ቀጭ እስኪል ዝጉት፤ በዚህ ጊዜ ክዳኑ ውስጥ ያለው ማቆያ ፈሳሽ ወርዶ ከምራቁ ጋር ይቀላቀላል። ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ የተላከ ቱቦ ማቆያው ስላልወረደ ይበላሻል። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ፈትታችሁ ትንሿን ክዳን ግጠሙ፣ ለ5 ሰከንድ ነቅንቁ፣ በከረጢቱ አሽጉ። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ መኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አትተዉት።

የቱቦውን ባርኮድ ከመላኩ በፊት በኢንተርኔት መመዝገብ ግድ ነው፤ ያልተመዘገበ ናሙና አይመረመርም። ምዝገባው በማን ኢሜይል ይሁን? በራሳችሁ። ብዙ ጊዜ ኪቱን የገዛው ዘመድ በራሱ ኢሜይል ይመዘግበውና ውጤቱን ከባለቤቱ ቀድሞ ያያል። ቱቦው ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀንም ተመልከቱ፤ ሻንጣ ውስጥ ዓመት የከረመ ኪት ሊያልፍበት ይችላል።

ሪፖርቱን ከመክፈታችሁ በፊት

ድርጅቱ አንድ ነገር አሳምሮ ሠርቷል፤ የአልዛይመሩ ሪፖርት ከሌሎቹ ጋር ተዘርግፎ አይመጣም። ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥና ማየት እንደምትፈልጉ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ለዚህ አንድ ኮከብ ይገባዋል። ያንን ቁልፍ ሳትነኩ ዓመታት መኖር ይቻላል፤ መብታችሁም ነው።

በእኛ አገር ይህ ውጤት የአንድ ሰው ምስጢር ብቻ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት፣ «ዘሩስ?» ተብሎ በሚጠየቅበት አካባቢ፣ «እነ እገሌ ቤት የመርሳት በሽታ አለ» የሚል ወሬ ለእህትና ለወንድም፣ ለልጅም ይተርፋል። አንድ ኢ4 ያለው ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሁለት ያለው ደግሞ ለሁሉም ያወርሳል። ስለዚህ ለማን እንደሚነገር ከመክፈታችሁ በፊት ወስኑ። የምንመክረው ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ ሰው መንገርን ነው፤ ወንድምና እህትን ደግሞ «ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ አንፈልግም ካሉም መተው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆችን ማስመርመር ለእነሱ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ስለ መረጃው ደኅንነትም በግልጽ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2023 የድርጅቱ ደንበኞች አካውንቶች ተሰብረው የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተጋልጧል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ከመሥራቾቹ አንዷ ለምትመራው ለትርፍ ላልቆመ ተቋም ተሸጠ። የምራቃችሁ ባለአደራ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት የይለፍ ቃል፣ የምርምር ፈቃዱንና የናሙና ማስቀመጫውን ጥያቄ «አይሆንም» ብሎ ማለፍ፣ ውጤቱን ካያችሁ በኋላም በአካውንቱ ማስተካከያ ገብቶ መረጃው እንዲሰረዝ ማዘዝ ነው። ጥሬ ፋይሉን አውርዳችሁ በሌላ ድረ ገጽ አታስነብቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ላቦራቶሪ እንዲህ ካሉ ጥሬ ፋይሎች የመጡ ለውጦችን መልሶ ሲፈትሽ 40 ከመቶው ሐሰት ሆነው ተገኝተዋል።

ሥራ

ሰው ውጤቱን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ሥራውን ነው፤ ልልቀቅ ወይ፣ ልንገራቸው ወይ፣ እስከ መቼ እችላለሁ። የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ኢ4 ሥራ ለመልቀቅ አይበቃም፤ ሥራን ለማስተካከል ግን ይበቃል።

ለምን አይበቃም? ተጋላጭነት ሕመም አይደለም፤ ዛሬ የተቀነሰ ችሎታ የለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አሳሳቢ ነገር አሳይቷል፤ ኢ4 እንዳላቸው የተነገራቸው አረጋውያን፣ ኢ4 እያላቸው ካልተነገራቸው እኩዮቻቸው ይልቅ በማስታወስ ፈተና ዝቅ አሉ። ጂኑ አንድ ሆኖ ልዩነቱን ያመጣው ማወቃቸው ነበር። ስለዚህ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ የረሳ ሰው «ጀመረኝ» ብሎ ራሱን ማሳመኑ ራሱ ጉዳት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሪቪል የተባለው ጥናት፣ በባለሙያ ምክር ታግዘው ውጤታቸውን የሰሙ የታማሚ ልጆች ካልሰሙት የበለጠ ጭንቀት ወይም ድብርት እንዳላሳዩ አረጋግጧል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ እነዚያ ምክር ነበራቸው፤ ኪቱ ግን አማካሪ አብሮ አይልክም። ለዚህ ነው ከውጤቱ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ምንም ትልቅ የሥራ ውሳኔ አትወስኑ የምንለው።

ለአሠሪ መንገር አያስፈልግም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚሰናበተው ከጠባዩ፣ ከሥራ ችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው፤ ወደፊት ሊመጣ የሚችል ነገር ደግሞ የዛሬ ችሎታ ማጣት አይደለም።

ማስተካከሉስ? ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ስለሆነች ከዚያ እንጀምር። የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍ ይበላል፤ የቀን ፈረቃ ማግኘት የሚቻል ከሆነ ከደመወዝ ጭማሪ በፊት እሱን ጠይቁ፤ ምክንያቱ «እንቅልፍ አልተስማማኝም» ከሆነ በቂ ነው። ሁለተኛው የማሽን ጩኸት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ከዘረዘራቸው 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ የመርሳት በሽታ ምክንያቶች አንዱ የመስማት ችሎታ መድከም ነው። ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው እንዲሰማችሁ መጮኽ ካለባችሁ የቦታው ጩኸት ጆሮን ከሚጎዳው ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) በላይ ሳይሆን አይቀርም። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ የሚሠራው በደንብ ሲገባ ነው፦ በጣት አጥብቃችሁ አቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡ፣ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ጫፉ ብቻ ገብቶ የተንጠለጠለ መድፈኛ ከጌጥ አይሻልም።

በጣርማ በር የሚመላለስ ሾፌር በኢ4 ምክንያት መሪ አይለቅም፤ ዓይኑን በየጊዜው ያስመርምር፣ የደም ግፊቱን ይለካ። ባጃጅና ሞተር ላይ የሚውል ግን የራስ ቁሩን ነገር ከዛሬ ጀምሮ እንደ ግዴታ ይየው፤ የጭንቅላት ምት ከ14ቱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ነጋዴ የዱቤ ሒሳቡን ከጭንቅላቱ ወደ ደብተር ያውርድ። የዕድር ወይም የዕቁብ ገንዘብ ያዥ ከሆነ ሁለተኛ ፈራሚ ይጠይቅ፤ ይህ ለማንም ጤነኛ ሰው የሚገባ አሠራር ስለሆነ ጥርጣሬ አያስነሳም። መምህርና የቢሮ ሠራተኛ አእምሮን የሚፈትን ሥራ ላይ መቆየታቸው ይጠቅማቸዋል፤ «ቀለል ያለ ቦታ» ፍለጋ መሮጥ የተሳሳተ አቅጣጫ ነው።

ጡረታንም አስሉ። ጡረታ የሚያስገኘው ትንሹ አገልግሎት 10 ዓመት፣ መደበኛ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። 8 ዓመት ሠርቶ በፍርሃት የለቀቀ ሰው ለማይታወቅ ስጋት የታወቀ ገቢ ይሠዋል።

ኑሮ

ኮሚሽኑ 14ቱ ምክንያቶች ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 ከመቶ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ይገምታል። ፊንጋር የተባለው የፊንላንድ ጥናትም ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎችን በምግብ፣ በእንቅስቃሴ፣ በአእምሮ ልምምድና በደም ግፊት ክትትል 2 ዓመት ይዞ ለውጥ አይቷል፤ ኢ4 ያላቸውም ተጠቅመዋል። ልብ የሚያስደስተው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት የደም ግፊት። ከ40 ዓመት ጀምሮ የላይኛው ቁጥር 130 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመከራል። የክንድ መለኪያ ግዙ፤ የእጅ አንጓው ዓይነት ያሳስታል። 30 ደቂቃ ቡና ሳትጠጡ፣ 5 ደቂቃ ተደግፋችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ፣ ክንዳችሁን በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ ሁለት ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ለኩ። በደብረ ብርሃን ብርድ የሚፈጸመው ስሕተት ከሹራብ ወይም ከጋቢ በላይ ማሰር ነው፤ ባዶ ክንድ ላይ፣ ሞቅ ባለ ክፍል ይሁን፤ ብርድ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።

ኢ4 መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የማድረግ ጠባይ ስላለው እሱንም አስለኩ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ቅባት ነው፤ በኑግ ዘይት መተካት ተገቢ ነው። የመንዝ ገብስ ደግሞ በእጃችን ያለ መድኃኒት ነው፦ በቀን 3 ግራም የሚሆን ቤታ-ግሉካን የተባለ አሰር ኮሌስትሮል ያወርዳል፤ ይህም ከ100 ግራም ያህል ያልተፈተገ ገብስ ይገኛል። ቤሶ፣ ቆሎ፣ ቅንጬ ሁሉም ይሆናሉ፤ በቅቤ የራሰ ቤሶ ግን የሠራውን ያፈርሰዋል። ጨው ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን።

ስለ አረቄ። ኮሚሽኑ ከልክ በላይ የሚለው በሳምንት ከ210 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል በላይ ነው። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 40 ከመቶ ጥንካሬ ባለው አረቄ ስትሞላ 20 ሚሊ ሊትር አልኮል አለባት፤ ስለዚህ ጣሪያው በሳምንት 10 መለኪያ ነው። ቀን በቀን ሁለት የሚል ሰው አልፎታል።

የኩበት ጭስም የአየር ብክለት ነው፤ የሚጎዳውም በአብዛኛው እናቶቻችንን ነው። ሚርት ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱን ከቤት የሚያስወጣው ግን ጭስ ማውጫ ወይም የተለየ ማድ ቤት ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ገበሬው ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ወረቀት

ውክልና ሰጥቻለሁ ብሎ የሚተማመን ሰው ይህን ይወቅ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ውክልና ሰጪው ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። ይኸውም በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሰነዱ ሲዘጋጅ ከዚያ በኋላም እንደሚቀጥል በግልጽ ይጻፍበት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። ገጠር መሬት ያለው ሰው የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስምና ፎቶ ትክክል መሆኑን አሁን፣ ራሱ ሄዶ ያረጋግጥ።

ለማን ይሆናል?

ከ35 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ላይ ላለ፣ ወላጁ ከ65 ዓመት በኋላ ለታመመበት፣ «አንድ አለ» ቢባል የሚያደርገውን አስቀድሞ ለጻፈ ሰው ገንዘቡ አይባክንም። በድብርት ውስጥ ላለ ሰው፣ ቤተሰብ ለገፋፋውና 199 ዶላር ለሚከብደው አንመክርም፤ የክንድ የደም ግፊት መለኪያ በጣም ባነሰ ዋጋ የበለጠ ይጠቅማል።

አሁኑኑ መርሳት ለጀመረ ሰው ደግሞ ኪቱ ጭራሽ ዕቃው አይደለም። ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቀን ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ የኖረበት ሰፈር መንገድ የጠፋው፣ ገንዘብ መቁጠር የተሳነው ሰው «ጃጅቶ ነው» ተብሎ አይተው፤ ጠበል የሚወስዱትም ሐኪም ጋ ጭምር ይውሰዱት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ከወደቀ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ሁሉም መርሳት ያመጣሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ስትሄዱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ያዙ፣ መቼ እንደጀመረው ጻፉ፣ ከመጀመሩ በፊት ወድቆ እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሩ።